የኖራው ቀን ከቀረ በኋላ

አሰብ ውስጥ የሚያልበው ሰው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳም ያልበዋል። ይህን ከማንም በላይ ባለቤቴ ማወቅ ነበረበት፤ እንጀራው ዝገት ነበርና። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ማጠራቀሚያዎቹንና ቧንቧዎቹን እየፋቀና እየቀባ ከባሕሩ ጨው የሚጠብቀው ክፍል ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቤታችን ውስጥ የዛገ ማጠፊያ ወይም የዛገ ሚስማር አይገኝም። "አንድ ቀን እኔንም ቀብተህ ከግድግዳ ጋር ታስደግፈኛለህ" እለው ነበር። ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ፊቷን ለባሕሩ ሰጥታ የቆመች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከፊቷ አራት ወፋፍራም ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፣ ከሥር ሰፋፊ ደረጃዎች። ባለቤቴ ተዛውሮ አሰብ የመጣን ሰሞን እኔ ባንክ ቤት መስላኝ አልፌያት ሄጃለሁ። በጣሊያን ጊዜ ተሠራች ይባላል፤ ማን አሠራት ለሚለው ግን መልሱ እንደ ተናጋሪው ነው። ድንጋይዋ ከባሕር የወጣ ነበር። ልስኑ የተላጠበት ቦታ ላይ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ዛጎሉ ይታያል።

ከኤርትራ ነፃነት በኋላ ጉባኤው ሁለት ሆነ። እኛ ከኢትዮጵያ ለሥራ የመጣነው ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ንጋት ላይ በአማርኛ እናመልካለን። የትግርኛዎቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ። ማንም ማንንም አላባረረም፤ ቋንቋውም ሙቀቱም ተባብረው እንዲሁ ለያዩን። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እየተቀመጥን ሳንተያይ እንከርማለን።

በደንብ የምንገናኘው በዓመት አንድ ቀን፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል በሚውል ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ኖራ ስንቀባ ነበር። የኖራ ቀን እንለዋለን። በዚያ ቀን ሽማግሌ የለ፣ መዘምር የለ፣ መጋቢ የለ፤ ሁሉም ሽርጡን ታጥቆ በርሜሉን ይከባል። ኖራው ሲበጠበጥ ይፈላል፤ እጅ ይልጣል፤ ዓይን ውስጥ የገባ ለታማ አያድርስ ነው። የወደቡ ክሬን ጠጋኝና ከአስመራ የመጣው አስተማሪ አንድ መሰላል ላይ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ኖራ እየተንጠባጠበባቸው ይሰዳደባሉ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ነጭ በነጭ ሆነን ደረጃው ላይ እንቀመጥና ዓሣ በሩዝ እንበላለን።

የምግቡ አዛዥ አደይ ነበረች። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚጠራት እንዲህ ነበር። የማታው ጉባኤ አባል ናት፤ ባሏን ባሕር የወሰደባት፣ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት። አንቱ ያላትን ሰው "እናትህን አንቱ ነው የምትላት?" ብላ ታፋጥጠዋለች። ባለቤቴን ደግሞ ለብቻው ትወደው ነበር። እናቱ በልጅነቱ እንደሞተችበት አንድ የኖራ ቀን ነግሯት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ የዓሣውን ሆድ፣ ስብ ያለበትን ቦታ እየመረጠች ታጎርሰዋለች። "ወደይ" ትለዋለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። እኔን ጓለይ፣ ሴት ልጄ። እኔ ግን ስቡን አግኝቼ አላውቅም።

የቀለሙ ሐሳብ የባለቤቴ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፍቅር ነበረበት። ኖራው ዓመቱ ሳይጋመስ በነፋሱና በጨዉ ይረግፋል፤ እሱ ደግሞ በሥራው ጨው የማይደፍረው ቀለም ያውቃል። "ባሕር ውስጥ የተነከረ ብረት የሚያድን ቀለም፣ ባሕር ዳር የቆመ ድንጋይ ማዳን ያቅተዋል?" ብሎ የጠዋቱን ጉባኤ ሽማግሌዎች ጠየቃቸው። ሽማግሌዎቹም የወደብና የማጣሪያ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ክሬን ጠጋኝ፣ አንዱ የቧንቧ በያጅ። ዕድሜውን ከብረት ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ነገር ብረት ይመስለዋል። "ኧረ ይኼ ድንጋይ ነው" ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ለመርከቦች ዕቃ ከሚያቀርብ ነጋዴ ቀለሙን ገዙ፤ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሥራ ቦታ ወጋቸው፣ አንዱ እየፋቀ አንዱ እየቀባ ጨረሱት።

"የማታዎቹስ ምን ይላሉ?" ብሎ የጠየቀ ነበር። "ምን ይላሉ፣ ደስ ይላቸዋል እንጂ!" ተባለ። ሄዶ የጠየቃቸው ግን የለም። በእርግጥም ዓምዶቹ እንደ ታጠበ ሳህን ያብረቀርቁ ነበር። መጋቢው በስብከቱ መካከል አመሰገኗቸው፤ ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ነበር፤ ጆሮው ግን በደስታ ቀልቷል።

በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ሲደርስ የኖራ ቀን የጠራ ሰው አልነበረም። ምን ሊቀባ? እኔማ እጄ ተረፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቅዳሜውን ተኝቼ አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ነገር የረሳሁ እየመሰለኝ ቤቱ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። የአደይ ሩዝ ነበር ለካ። ባለቤቴም "ዘንድሮ ዓሣው ቀረ" አለ፤ በዚያው ተረሳ።

አደይ የማታው አምልኮ እስኪጀመር ደረጃው ላይ፣ ከሁለተኛው ዓምድ ሥር ተቀምጣ ከባሕሩ የሚመጣውን ነፋስ መቀበል ልማዷ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አንድ እሁድ፣ እንደተቀመጠች የመሶብ ክዳን የሚያህል ልስን ከዓምዱ ተገምሶ ክንዷ ላይ ወደቀ። ክንዷ ተሰበረ። እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ ትንሽ ፈቀቅ ብትል ኖሮ ጭንቅላቷን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሄደን ፍርስራሹን አየን። አንዱን ቁራጭ አንስቶ አገላበጠው። ፊቱ ላይ ያለው ቀለም እንከን የለውም፤ ጭረት እንኳን አልነካውም። ጀርባው ግን እንደ ሊጥ ርሷል። ድንጋዩ ከመሬት የጠጣውን እርጥበት በኖራው በኩል ሲተነፍስ ኖሯል፤ እኛ አፍና አፍንጫውን ደፈንነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ ልስኑን ከውስጥ አበሰበሰው። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር። ባለቤቴ ቁራጩን እንደ ዕንቁላል በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠ። "እኔ ነኝ የሰበርኳት" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰብስበው "ልስኑ አርጅቷል" አሉ። ቀለም የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። በአንድ በኩል ባለቤቴን መሸፈናቸው ነበር፤ በሌላ በኩል ዘመኑን ፈርተው ነው። "ኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያኑን አበላሹት" የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል? እኔም ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴን ግን ያ ዝምታ ገደለው። ሰው ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

የታመመ ሰው ይጠየቃል። የተጣላም ቢሆን፣ የማያውቁትም ቢሆን ይጠየቃል፤ ይህ እኛ ዘንድ ትምህርት የሚያሻው ነገር አይደለም። ባለቤቴ ግን አልሄደም። "ራሴ ሰብሬያት፣ ምን አገኘሽ ብዬ ልጠይቃት?" አለ። እኔ ነጠላዬን ለብሼ ስነሳ በሩ ላይ ቆመ። "አንቺ ከሄድሽ ትናገሪያለሽ።"

እውነቱን ነው፤ ትንሽ የሆድ የሆዴን ማውራት ከጀመርኩ አፌን አላምነውም። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

"ራሴ እነግራታለሁ" አለኝ። "እስቲ መጀመሪያ ትንሽ ይሻላት።"

ብርቱካን ገዝቼ በጎረቤት እጅ ላክሁላት። ሰላም በይልኝ አልኩ። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ቤቷ እኮ ሩቅ አልነበረም፤ በእግር የሚደረስ ነው።

ትንሽ ያለው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ጥየቃ እንዲህ ያለ ነገር ነው። በዚያው ሰሞን ያልሄደ ሰው ቆይቶ መሄዱ ያሳፍረዋል፤ ይበልጥ ሲቆይ ደግሞ ያስፈራዋል። በየቀኑ "ዛሬ እሄዳለሁ" እያለ ሸሚዙን ይለብሳል፤ ማታ ሸሚዙን ሲያወልቅ "ነገ" ይላል። የኖራ ቀን ቢኖር ኖሮ ወደድንም ጠላንም በርሜሉ ዙሪያ እንገናኝ ነበር። እሱንም ያስቀረነው እኛው ነን።

የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ቅዱስ ቁርባን አለ። መጋቢው ሁልጊዜ አስቀድመው፣ ሰው ያስቀየመ ካለ መጀመሪያ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ይላሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ተነስቶ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን "ማራገቢያውን አየት ላድርገው" እያለ ነበር፤ አሰብ ውስጥ እንደዚያ የታየ ማራገቢያ አልነበረም። በኋላ ሰበቡንም ተወው። እኔ ብቻዬን ወደ ፊት ሄጄ እንበረከካለሁ። ኅብስቱ አፌ ውስጥ ሳለ የማስበው ስለ ጌታ አልነበረም፤ ውጭ ደረጃው ላይ ስለተቀመጠው ሰውዬ ነበር። ስለ አደይም ነበር። እኔስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ነው እንዴ እዚህ የተንበረከክሁት እላለሁ። ግን እቀበል ነበር።

ተቆጣሁት። "ተጣልታችሁ ነው እንዴ? ሂድና ተናገር፣ ወይም ተወውና ቁርባንህን ተቀበል!" አልኩት።

"ጠብማ ቢሆን በቀለለኝ" አለ።

ከዚያ ማጣሪያው ሥራ አቆመ። ባለቤቴ እጁን አጣምሮ ቤት ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ተነሳ። ጭነት መኪኖቹ ቀሩ፤ በሾፌርና በረዳት ይሞላ የነበረው ምግብ ቤት ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ሰቀለ። ከእኛ ወገን በየሳምንቱ አንድ ቤት ይዘጋል። እሁድ ጠዋት መዝሙር ስንጀምር፣ የሚቀበለን ድምፅ እየሳሳ መሄዱ ይሰማን ነበር።

በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ባለቤቴ የሽቦ ብሩሽና መፋቂያ ይዞ ዓምዶቹን መፋቅ ጀመረ። ሰው ዕቃውን ይሸጣል፣ መውጫ ይፈልጋል፤ የእኔ ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ድንጋይ ይፍቃል። ቀለሙ ደግሞ ምንኛ ጥሩ ቀለም ነበር! አልለቅ አለው። ፀሐይ አናቱ ላይ፣ ትቢያው ላቡ ላይ እየተለጠፈ፣ ቀኑን ሙሉ ታግሎ የሚያጸዳው የእጅ መዳፍ የሚያህል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው አልኩት። መፋቁን ቀጠለ።

አንድ ቀን አደይ በዚያ ታልፋለች። ክንዷ ገጥሟል፤ ግን ጎብጧል፤ ከሰውነቷ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደተንጠለጠለ ነው የቀረው። መሰላሉ ሥር ቆማ ቀና አለች። "እግዜር ያበርታህ፣ ወደይ" አለችውና መንገዷን ቀጠለች። ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረኝ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው አላዘንኩለትም፤ ተናደድኩ እንጂ። "አንተ ድንጋዩን ነው የበደልከው ወይስ ሰውን? ድንጋይ ስትፍቅ ብትኖር ድንጋይ ይቅር አይልህ!" አልኩት።

በዚያ ሳምንት ለእኛም መንገድ ተገኘ። ሐሙስ ንጋት ላይ ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ሳምቡክ ላይ ቦታ ያዝን። ጀልባው ትንሽ ነው፤ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚመዘገበው፤ ለጎረቤት እንኳን አትናገሩ ተባልን። በቀደመው እሁድ ደግሞ የቀረነው እፍኝ የማንሞላ ሰዎች ስለሆንን፣ ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ማታ ከትግርኛዎቹ ጋር በአንድነት እንደምናመልክ ተነግሮን ነበር። ለዓመታት ያልሆነው ነገር እኛ ከወጣን በሦስተኛው ቀን ሊሆን ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን አስሬ ስጨርስ ባለቤቴን ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። "ሳትነግራት ባሕር አንሻገርም" አልኩት። መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚናገረውን ያጠናል።

በሩ ክፍት ነበር። አደይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። "እተዉ ደቀይ፣ ግቡ ልጆቼ" አለች፤ ትናንት የተለያየን እንጂ ዓመት ያለፈን አይመስልም። ባለቤቴ አልተቀመጠም። ያጠናው ሁሉ ጠፋበትና አንድ ጊዜ ዘረገፈው።

"አደይ፣ ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልስኑ የወደቀው በቀለሙ ምክንያት ነው። ክንድሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።" እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዛ አቆመችው።

"ይህንንማ የወደቀ ለታ ነው ያወቅሁት" አለች። "መሰላል ላይ ስትወጣ አላየሁህም? አሰብ ውስጥ ማን ምን እንደቀባ የማይታወቅ መሰለህ? ልስን ነው የወደቀው፤ አንተ አልወረወርከው። ክንዴም ድኗል። ጎበጠ እንጂ ይኸው ምስር ይለቅማል።"

ሰፌዱን ገፋ አደረገች። ስትቀጥል ድምጿ ተለውጦ ነበር።

"እኔስ የጠበቅሁት ሌላ ነው። የማታው ጉባኤ ሁሉ መጥቶ ጠየቀኝ። ዓፋሮቹ ጎረቤቶቼ ወተት ይዘው መጡ። ዓሣ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ከበይሉል ድረስ መጣ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ ወደይ ነው፣ እላለሁ። አይደለህም። ኋላማ ስለ ቀለሙ እንዳማሁህ ነግረውህ ይሆን፣ ምን አስቀይሜህ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። የሠራሁትን በደል ስፈልግ ከረምኩ፣ ወደይ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ ጓለይ? ብርቱካንሽ ደርሶኛል። ብርቱካን ግን አፍ የለው፣ አያጫውት።"

ይቅር በይን አልናት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረንም። "ይቅር ብያችኋለሁ፣ ከልቤ" አለች፤ ይህን ስትል እንባዋን በጎበጠው ክንዷ ጠረገችው። ወዲያው ደግሞ ተነስታ ሻይ ጣደች። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ ነበራት። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የጎረቤቷ ፍየል መጋረጃዋን እንዴት እንደበላች። ባለቤቴ ሳቀ። ያን ሳቁን ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ ተለውጦ ወጣት መሰለኝ።

ብርጭቆውን ስትሞላለት "ከእሁድ ጀምሮ አንድ ላይ ናችሁ አሉን፤ ሰምታችኋል?" አለች። "እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቁርባንም አለ። ስትመጡ ኋላ እንዳትቀመጡ፣ ወደ ፊት ኑ። ከአጠገቤ ቦታ እይዝላችኋለሁ። አብረን እንቀበላለን፤ እሺ?"

ባለቤቴ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ነገ እንደምንሄድ አሁን ይነግራታል አልኩ። እሱ ግን ፊቷን ያይ ነበር፤ ያን የደስታ ፊት፣ ዓመት ሙሉ የነፈግናትን።

"እሺ፣ አደይ" አለ።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ምላስ ነበረኝ። "እሺ አደይ" አልኩ፣ ከሱ ቀጥዬ።

እስከ መንገዱ ጥግ ሸኘችን። ከዓይኗ ስንሰወር "ለምን አልነገርካትም?" ብዬ ጮህኩበት።

"አንቺስ?" አለኝ።

እሁድ ማታ ጅቡቲ ነበርን። ከእኛው መሰል ተሻጋሪዎች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፈን ተቀምጠናል። ሙቀቱ የአሰብ ነው፤ የባሕሩም ሽታ የአሰብ ነው። ፀሐይዋ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ስትወርድ ባለቤቴ የማታው አምልኮ የሚጀመርበትን ሰዓት አውቆ ቀና አለ።

"ይህን ጊዜ ቦታ ይዛልን፣ በሩን በሩን እያየች ነው" አለ።